«ልጆቼ ቁልፌን ወሰዱብኝ፤ መንገዱ ግን ይናፍቀኛል»

የአንባቢያችን ደብዳቤ በአጭሩ፦

«ዕድሜዬ 74 ነው። ከአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በቀያሽነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ በቮልስ፣ ካደጉ በኋላም ዛሬ ግቢያችን ውስጥ በቆመችው ላንድክሩዘር ይዣቸው ያልሄድኩበት አቅጣጫ የለም። ከሁሉም አብልጬ የምወደው የሐረርን መንገድ ነው። ደስ ባለን ቦታ ቆመን የጀበና ቡና ጠጥተን፣ የፈንታሌን ተራራ አሻግረን አይተን፣ ቁሉቢን ተሳልመን እየተጨዋወትን ሐረር መግባት ከዕድሜዬ ደስታዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። ባለፈው ዓመት ከደብረ ብርሃን ስመለስ፣ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ፣ ከፊት የመጣ መኪና መብራት ዓይኔን አጠፋብኝና አህዮቹን እየነዳ በመንገድ ዳር የሚሄድ ሰው ለጥቂት ሳልገጭ ቀረሁ። ባለቤቴ ለልጆቻችን ነገረቻቸው፤ እነርሱም ቁልፉን ወሰዱ። ግላኮማ እንዳለብኝ ከተነገረኝ ዓመታት አልፈዋል፤ ጠብታዬን አላቋርጥም፣ ሐኪም ዘንድ ከሄድኩ ግን ቆይቻለሁ። ለደም ግፊቴ የሚያሸና ኪኒን እወስዳለሁ፤ ፕሮስቴቴም ስላበጠ ቶሎ ቶሎ ሽንት ይመጣብኛል። ባለቤቴ ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ልጆቼ ‹አባዬ፣ አርፈህ ተቀመጥ፤ ከናፈቀህ በአውሮፕላን እንልክሃለን› ይሉኛል። ትርፍ ቁልፍ እንዳለኝ አያውቁም። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ባለቤቴን ይዤ ልሄድ አስባለሁ። ምን ይሉኛል?» (ቀያሹ፣ ከኮተቤ)

የተከበሩ አባታችን፣

ሐረርን በመኪና ሄደው ደግመው እንዲያዩ የምደግፍ መሆኔን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ይህን የማስቀድመው ቀጥዬ የምጽፈው ነገር ቅር እንደሚያሰኝዎ ስለማውቅ ነው። በዚያ ትርፍ ቁልፍ ጎህ ሲቀድ እንዳይወጡ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ያ አህያ ነጂ በደህና ወደ ቤቱ የገባው ለጥቂት ነው፤ ያቺ ጥቂት ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ላትገኝ ትችላለች። በአገራችን አውራ ጎዳና ላይ የሚጓዘው መኪና ብቻ እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ገበያተኛው፣ ከብቱ፣ ጋሪው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ሕፃን ሁሉ የሚሄደው በአስፋልቱ ጠርዝ ነው፤ ግላኮማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚወስደው የጎን እይታን ነው።

ሕመሙ የዓይንን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳ ሲሆን፣ በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ ምንም ሳያሳምምና ሳያስታውቅ የእይታውን ዙሪያ ያጠባል። የመሃሉ እይታ ለረጅም ጊዜ ጥርት ብሎ ሊቆይ ስለሚችል ሰውየው ደህና እንደሚያይ ይሰማዋል፤ በጠፋው ቦታም ጥቁር ነገር አይታየውም፤ አእምሮው የጎደለውን በግምት ስለሚሞላለት እግረኛው ከጎን ብቅ እስኪል ድረስ መንገዱ ባዶ መስሎ ይታየዋል። ስለዚህ በግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ፊደላትን እስከ ታችኛው ረድፍ ማንበብ መቻልዎ ለመንዳት ብቁ ለመሆንዎ በቂ ማስረጃ አይደለም። ሐኪምዎን የእይታ ስፋት ምርመራ እንዲያደርግልዎ ይጠይቁት። በዚህ ምርመራ አገጭዎን በመሣሪያው ላይ አሳርፈው አንዲት ነጥብ ላይ ትኩር ብለው ሳለ፣ በዙሪያው ብልጭ የሚሉ ትንንሽ መብራቶችን ባዩ ቁጥር ቁልፍ ይጫናሉ፤ ውጤቱም የትኛው የእይታዎ ክፍል እንደቀረና የትኛው እንደጠፋ በካርታ መልክ ታትሞ ይወጣል። ዘመንዎን ከካርታ ጋር ያሳለፉ ሰው ስለሆኑ ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀምጦ በቃል ብቻ እንዲነግርዎ አይፍቀዱ፤ ያሳይዎት፣ ያስረዳዎት።

በዚያ ምሽት ዓይንዎን ያጠፋው መብራት ግን ከግላኮማው ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የዓይን ሞራ የጀመረው ሰው ከፊቱ የሚመጣ መብራት ይበተንበታል፣ ያንጸባርቅበታል፣ ካለፈ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ያደነግዘዋል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ በግላኮማ የጠፋ እይታ ግን አይመለስም፤ ጠብታውም የሚጠብቅልዎ የቀረውን ነው። ሁለቱ በአንድ ዓይን ላይ አብረው መገኘታቸውም የተለመደ ነው። ስለዚህ ዓመታት ያለ ምርመራ ማለፋቸው ከመኪናው ጉዳይ ይልቅ አሳስቦኛል፤ ጠብታውን ሳያቋርጡ መጨመርዎ መልካም ሆኖ ሳለ፣ የዓይንዎን ግፊት በሚገባ እየቀነሰ መሆኑን የሚያውቀው የሚለካው ሐኪም ብቻ ነው። ምናልባት ሞራው ተወግዶ፣ የእይታ ስፋትዎም በቂ ሆኖ ከተገኘ፣ በሠፈርዎ አካባቢ በቀን ብርሃን ለአጭር ርቀት መንዳት ይፈቀድልዎ ይሆናል። የምሽት መንዳት ግን ከዚህ በኋላ የተዘጋ ጉዳይ አድርገው ቢይዙት ይሻላል፤ ዕድሜ የዓይንን ብሌን እያጠበበ ሌንሱንም እያደበዘዘ ስለሚሄድ፣ ጤነኛ የ60 ዓመት ሰው ዓይን እንኳ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ዓይን ውስጥ ከሚደርሰው ሲሦ ያህል ብቻ ነው። የሐረርንም መንገድ እርስዎ ራስዎ እንዲነዱት አልመክርም። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እስከ አዋሽ ድረስ የጅቡቲ ከባድ መኪኖች ይሞሉታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገትና ጠመዝማዛም የጤነኛ ዓይንን ትኩረት ሁሉ የሚጠይቅ ነው።

አሁን ወደ ናፍቆትዎ ልምጣ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ስለ መሪ፣ ስለ ማርሽ ወይም ስለ ፍጥነት የጻፉት አንድም ቃል አላገኘሁም። የጻፉት ስለ ቡናው፣ ስለ ፈንታሌ፣ ስለ ቁሉቢ፣ ስለ ጨዋታው ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ የእርስዎን እግር በፍሬን ላይ አይፈልግም። የሚፈልጉት ነገር ደስ ያለዎት ቦታ ላይ «እዚህ ቁም» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ነው፤ ልጆችዎ ቁልፉን ሲወስዱ ሳያስተውሉት አብረው የወሰዱት ይህን ነው። የአውሮፕላኑም ሐሳብ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ልብዎን ያላሞቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አውሮፕላን ድሬዳዋ ላይ በአጭር ጊዜ ያወርድዎታል፤ መተሐራን፣ የአዋሽን በረሃና የጨርጨርን ደጋ ግን ከደመና በላይ ሆነው ያልፏቸዋል። እርስዎ የጠየቁት መንገዱን ነው፣ ልጆችዎ የሰጡዎት መድረሻውን ነው። ይህን ልዩነት ቁጭ ብለው በእርጋታ ቢያስረዷቸው የሚገባቸው ይመስለኛል።

በእኔ አስተያየት ላንድክሩዘሯን የሚነዳ ሰው በቀን ክፍያ መቅጠር ወንድ ልጅዎን ከማስቸገር ይሻላል። ልጅ የሚነዳው ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ ሰኞ ቢሮ መግባት እንዳለበት እያሰበ ነው፤ በዚያ ላይ አባቱን ስለሚሳሳ በየመንገዱ «አትውረድ፣ ፀሐይ ነው» ማለቱ አይቀርም። የቀጠሩት ሾፌር ግን ዋጋው እስከተከፈለው ድረስ በሦስት ቀን መግባትም በአምስት ቀን መግባትም ለእርሱ አንድ ነው። የመንገዱን ልምድ ያለው፣ በዕድሜ በሰል ያለ፣ ጫት ቅሞ የማይነዳ ሰው በሚያውቁት ሰው በኩል ይፈልጉ። ከመነሳታችሁም በፊት ሦስት ነገሮችን ይስማሙ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት አትነሱም፣ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ መኪናዋ አትንቀሳቀስም፣ የት እንደሚቆም የሚወስኑትም እርስዎ ነዎት። የፊተኛው ወንበር የእርስዎ ነው። ዕድሜዎን ሙሉ በዚያ መንገድ ሲመላለሱ ያዩት በአብዛኛው አስፋልቱን እንደነበረ ልብ ይበሉ፤ የሚነዳ ሰው ተራራ የሚያየው በጨረፍታ ነውና።

ጉዞውን ይከፋፍሉት። በመጀመሪያው ቀን በክፍያ መንገዱ ናዝሬት ገብታችሁ እደሩ፤ ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ መንገድ ለስላሳና የታጠረ ስለሆነ ለሁለታችሁም ወገብ የሚመች መሟሟቂያ ነው፤ ረፋድ ላይ ብትነሱ እንኳ ምሳ ሳያልፋችሁ ትደርሳላችሁ። በሁለተኛው ቀን በመተሐራ በኩል እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሂዱ። ፈንታሌን የሚያዩት፣ ውሃው እየሰፋ መንገዱንና ሐዲዱን ለዓመታት ሲያስጨንቅ የኖረውን የበሰቃን ሐይቅም የሚያልፉት በዚህ ቀን ነው፤ መንገድ ሲቀይስ የኖረ ሰው ቆሞ የሚያየው ብዙ ነገር አለው። ወደ አዋሽ የምትገቡት ግን ሙቀቱ ሳይበረታ ይሁን። በሦስተኛው ቀን ከአዋሽ ተነስታችሁ በሚኤሶ በኩል ወደ ጨርጨር ደጋ ወጥታችሁ አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ እደሩ፤ ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ ስለሆነ አየሩ በግማሽ ቀን ውስጥ ሲለወጥ ሰውነትም ይደክማል። የመጨረሻው ቀን ረጅሙ ነው፤ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጠመዝማዛ መንገድ ስለሆነ በጠዋት ተነስታችሁ ቁሉቢ ላይ ረጅም ዕረፍት አድርጉ፣ ተሳለሙ፣ ምሳ ብሉ፤ ከዚያ በቀሪው ቀን ተረጋግታችሁ ሐረር ትገባላችሁ። በአንድ ቀን ይገቡበት የነበረውን መንገድ በአራት ቀን መሄድ ሽንፈት ሊመስልዎ ይችላል። እኔ ግን ከቀድሞው ጉዞዎ ይልቅ ይህኛው ለሚወዱት ነገር የተመቸ ይመስለኛል፤ በየቦታው ለመቆም የሚያስችል ጊዜ ያለው እርሱ ነውና።

ባለቤትዎን በዚህ ዕቅድ ውስጥ ከመጀመሪያው ያስገቧቸው። በደብዳቤዎ ላይ «ይዤ ልሄድ» ብለዋል፤ መሄድ ይፈልጉ እንደሆነ፣ የትኛውን ቀን እንደሚፈሩት፣ የት ማረፍ እንደሚወዱ ግን አልነገሩኝም። በዚያ ምሽት ከጎንዎ ተቀምጠው የነበሩ እርሳቸው ከሆኑ የደነገጡትም አብረው ነው፤ ለልጆቹ መናገራቸውም እርስዎን ከመክዳት አይቆጠርም። ላንድክሩዘር ከፍ ያለች መኪና ስለሆነች ለጉልበት ሕመምተኛ መውጣትና መውረዱ ፈተና ነው፤ በደንብ የቆመ ዱካ ጭነው፣ በሚወጡበትና በሚወርዱበት ጊዜ ሾፌሩ እንዲያስቀምጥላቸው ይንገሩት። ማደሪያ ሲይዙ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለብዎ ምድር ቤት ክፍል መኖሩንና ሽንት ቤቱ መቀመጫ ያለው መሆኑን ነው። ሐረር ስትደርሱም የጀጎል ውስጥ መተላለፊያዎች ዳገትና ቁልቁለት የበዛባቸው የድንጋይ መንገዶች ናቸው፤ መሃል ላይ እስካለው የፈረስ መጋላ አደባባይ በባጃጅ ገብቶ ከዚያ ጥቂቱን በከዘራ መሄድ ይሻላል።

ስለ ሽንቱ ጉዳይ ጥቂት ልቆይበት፤ ብዙ አባቶች ከመንገድ የሚቀሩት በጉልበት ድካም ሳይሆን በዚህ ኀፍረት ምክንያት ስለሆነ። የተለመደው ብልሃት ውሃ አለመጠጣትና የሚያሸናውን ኪኒን በራስ ፈቃድ መዝለል ነው፤ ሁለቱም አደገኞች ናቸው። የአዋሽ ሙቀት ውሃ ያልጠጣን አዛውንት ቶሎ ያደርቃል፤ ኪኒኑን የሚወስድ ሰው ሲደርቅ ደግሞ ከመኪና ወርዶ ቀጥ ሲል ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ያዞረዋል፣ ይጥለዋልም። ለፕሮስቴት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም ይህንኑ ማዞር ያብሳሉ። የሚሻለው ሐኪምዎን በጉዞ ቀናት ኪኒኑን ማደሪያ ከገቡ በኋላ መውሰድ ይችሉ እንደሆነ መጠየቅ፣ ውሃውንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጊዜው በትንሽ በትንሹ መጠጣት ነው። በየሰዓቱ ወይም በየሰዓት ተኩሉ ይቁሙ። ይህን ለሽንቱ ብቻ ብዬ አይደለም፤ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ ስለሚጨምር፣ መውረዱና ጥቂት እርምጃ መራመዱ ለባለቤትዎም ግድ ነው። ከመኪና ሲወርዱ መጀመሪያ እግርዎን ወደ ውጭ አውጥተው ለአፍታ ተቀመጡ፤ ከዚያ መኪናዋን ይዘው ይነሱ።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ፤ ጠመዝማዛው መንገድ ያቅለሸልሸኛል ብለው ከመድኃኒት ቤት የማቅለሽለሽ ኪኒን በራስዎ ገዝተው እንዳይውጡ። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ኪኒኖች ያበጠ ፕሮስቴት ያለበትን ሰው ሽንት ጨርሶ ሊከለክሉት ይችላሉ፤ በአንዳንድ የግላኮማ ዓይነቶችም የዓይንን ግፊት በድንገት ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ። የጉንፋን ኪኒኖችም ብዙዎቹ እንደዚሁ ናቸው። የዓይን ጠብታዎንም በቆመች መኪና ውስጥ ጥለው አይውረዱ፤ ሙቀት ያበላሸዋል፣ ከቦርሳዎ ጋር ይያዙት። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ አንዱን በኪስ፣ አንዱን ለሾፌሩ ስጡ፤ ችግር ከተፈጠረ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና፣ ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ ሆስፒታል አሉ።

የመንገዱ ሰላምም ከዕቅዳችሁ በላይ መሆኑን ይቀበሉ። በመነሻው ሳምንት በዚያ መስመር የሚመላለሱ ሾፌሮችን ጠይቁ፣ በየማደሪያችሁም ስለ ነገው መንገድ ሳታጣሩ አትነሱ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ከቀዬው እንዳፈናቀለ ያስታውሳሉና የመተሐራና የአዋሽን ሁኔታ ለይታችሁ ጠይቁ። «አሁን አይሆንም» ከተባለ ይቅር፤ ጊዜ ይለወጣል። መኪናው የማይሆን ከሆነ በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ከለቡ ተነስቶ ድሬዳዋ ይገባል፤ ባቡር ላይ ተነስቶ መንቀሳቀስ ይቻላል፣ ሽንት ቤትም አለ፣ የበረሃውም ሜዳ በመስኮት ይታያል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚቀረው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ ነው። በፈለጉበት ማስቆም ስለማይቻል ሁለተኛ ምርጫ አድርጌ አቀርበዋለሁ፤ ከአውሮፕላኑ ግን ለእርስዎ ልብ ይቀርባል።

ልጆችዎ ይህን ጽሑፍ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ለእነርሱ የምለው አለኝና፤ ቁልፉን መውሰዳችሁ ትክክል ነበር፤ በቦታው ምንም ሳትተኩ መተዋችሁ ግን ልክ አልነበረም። መንዳት ያቆሙ አረጋውያን ከሰው እየራቁ ለመንፈስ ጭንቀት እንደሚጋለጡ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል፤ አባታችሁም ትርፍ ቁልፍ እስከ መደበቅ የደረሱት በግትርነት ሳይሆን በመታፈን ነው። የሾፌሩን የቀን ክፍያ ተካፍላችሁ ቻሉላቸው። የት እንደሚያድሩ፣ መቼ እንደሚነሱ፣ የት እንደሚቆሙ ግን አትወስኑላቸው። በየሰዓቱ ስልክ እየደወላችሁም አታስጨንቋቸው፤ ማታ ማደሪያቸው ሲገቡ አንድ ጊዜ ቢደውሉላችሁ ይበቃል።

እርስዎም አባታችን፣ ትርፍ ቁልፉን የሚያስረክቡት ባዶ እጅዎን ሆነው አይሁን። በአንድ ወረቀት ላይ የጉዞውን ቀናት፣ ማደሪያዎቹን፣ ርቀቱንና ወጪውን በሙያዎ ልክ አስተካክለው ጽፈው፣ ቁልፉንና ወረቀቱን አንድ ላይ በጠረጴዛ ላይ ያኑሩላቸው። የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ከሁሉ መቅደም አለበት፤ ሞራ ተገኝቶ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ ጉዞው ለጥቂት ወራት ይገፋል፣ ይገፋ። ቀጥሎም ከአዲሱ ሾፌር ጋር አንድ ቀን ወደ ደብረ ዘይት ወርዳችሁ፣ ሐይቅ ዳር ምሳ በልታችሁ ተመለሱ፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነችው በዚያች ጉዞ ላይ በየስንት ጊዜው መቆም እንደሚያስፈልጋችሁ፣ የባለቤትዎ ጉልበት ምን ያህል እንደሚታገሥ፣ ሾፌሩም «ቁም» ሲባል የሚቆም ሰው መሆኑን ታዩታላችሁ። ሁሉ ከተስማማችሁ ለሐረሩ ጉዞ ኅዳርን ይምረጡ፤ ዝናቡ ያበቃል፣ የአዋሽ ሙቀት ከበጋው ማብቂያ ይልቅ ይለዝባል፣ ቁሉቢም ለታኅሣሥ 19 በሚጎርፈው ምእመንና መኪና ገና ስላልተጨናነቀ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ተረጋግታችሁ መግባት ትችላላችሁ።